አሮጌ ብስክሌትን ለዕለት መመላለሻ ስለ ማደስና ለነጂው ስለ ማመቻቸት

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር፣ በብዙ ግቢ ውስጥ ከማድ ቤቱ ጀርባ ወይም ከደረጃው ሥር ተደግፎ የቆመ አንድ አሮጌ ብስክሌት ይገኛል። ጎማው ተንፍሷል፤ ሰንሰለቱ ዝጓል፤ ባለቤቱ ግን ሊጥለውም ሊሸጠውም አልጨከነም። ስለ ምን እንደማይነዳው ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ተበላሽቷል» የሚል አይደለም። «ያደክማል»፣ «ወገብ ያማል»፣ «ቁልቁለት ላይ ያስፈራል» የሚል ነው። እነዚህ ሦስት አቤቱታዎች በመሐንዲስ ጆሮ ሲሰሙ ትርጉማቸው የተለየ ነው። የመጀመሪያው ስለ ማርሽ፣ ሁለተኛው ስለ አቀማመጥ፣ ሦስተኛው ስለ ፍሬን የሚናገር ነውና። ብስክሌቱ የቆመው ስላረጀ ብቻ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያውም ለዚያ ሰውና ለዚያ መንገድ ተስማምቶ ስላልተበጀ ነው። ስለዚህ እድሳቱ መጀመር ያለበት ከቀለሙ ወይም ከሚያብረቀርቀው ዕቃ ሳይሆን፣ ከሰውየው እግር ርዝመትና ከመንገዱ ዳገት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት በበርካታ ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መንገድ ተለይቶ ተሠርቷል። መንገዱ ሲገኝ ብስክሌቱ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ጥያቄ መከተሉ አይቀርም፤ አዲስ መግዛት ለማይችለው ሰው ደግሞ መልሱ ያለው እዚያው ከማድ ቤቱ ጀርባ ነው።

ለእድሳት የሚቀርቡት አሮጌ ብስክሌቶች በብዛት ከሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው በእንግሊዙ ራሌይ አምሳል የተሠራው፣ የቻይናው ፊኒክስና የህንዱ ሂሮ በዓለም ዙሪያ ያዳረሱት፣ ትልቅ ጎማ ያለው፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ፣ 20 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ከባድ ብስክሌት ነው። የቴላዮው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ካወጣው ሮቨር ከተባለው ብስክሌት ብዙም የራቀ አይደለም። ሁለተኛው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብዛት የተሠራው፣ ጎማው 26 ኢንች የሆነ፣ ብዙ ማርሽ ያለው የተራራ ብስክሌት ነው። መሪው ወደ ታች የቆለመመ የውድድር ብስክሌትም አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ስለ እርሱ በቦታው ይነገራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ቴላዮው ይመረመራል። ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበት ቦታ ሁሉ በጨርቅ ተወልውሎ በብርሃን ይታያል፤ ቀለሙ በቀጭን መስመር ከተሰነጠቀ ከሥሩ ያለው ብረትም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ቀጥታነቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ክር ከኋላው ጎማ ማሰሪያ ከአንደኛው ጎን ተነሥቶ፣ ከመሪው ሥር ባለው አጭር ቱቦ ዞሮ፣ ወደ ሌላው ጎን ማሰሪያ ይመለሳል። ከክሩ እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለው ርቀት በግራና በቀኝ እኩል ከሆነ የኋላው ክፍል ቀጥ ያለ ነው። ልዩነት ከታየ፣ ቴላዮው ብረት እስከ ሆነ ድረስ፣ በጥንቃቄ በቀዝቃዛው ሊቃና ይችላል። አዲስ የኋላ ሞዞ ሰፋ ያለ ቦታ ሲፈልግም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ የድሮው 120 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ሁለቱ ጎኖች እኩል እየተከፈቱ፣ ወደ 126 ሊደርስ ይችላል። የአሉሚኒየም ቴላዮ ግን እንዲህ አይሞከርም። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ከተሰነጠቀ ደግሞ ብየዳ አይታሰብለትም፤ ሹካ ሲሰበር ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ነጂውንም የሚጥለው በፊቱ ነው። እንዲህ ያለው ሹካ መለወጥ እንጂ መጠገን የለበትም።

አሁን ወደ መጀመሪያው አቤቱታ፣ «ያደክማል» ወደሚለው። ለምሳሌ ያህል 65 ኪሎ የሚመዝን አንድ የቢሮ ሠራተኛ፣ 20 ኪሎ በሚመዝነው የድሮ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ፣ 5 ኪሎ ዕቃ ጭኖ፣ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ይወጣል እንበል። ጠቅላላው ክብደት 90 ኪሎ ነው። ለስሌቱ ያህል ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚያወጣ ይሁን። ብስክሌቱን ወደ ኋላ የሚስበው የዳገቱ ኃይል 53 ኒውተን ገደማ ሲሆን፣ የጎማው መንከባለል የሚበላው ኃይል ሲጨመርበት ወደ 60 ኒውተን ይጠጋል። ስፖርተኛ ያልሆነ ጤነኛ ሰው ለጥቂት ጊዜ ሳይንገላታ ሊያወጣ የሚችለው ኃይል 100 ዋት ያህል ነው ቢባል፣ ሰውየው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በደቂቃ 100 ሜትር ይጓዛል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም፤ ከእግረኛ ጥቂት ይፈጥናል።

ችግሩ የሚታየው ፔዳሉ ላይ ነው። የፊተኛው ጥርሳም ክብ 48፣ የኋለኛው 20 ጥርስ ቢኖራቸው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 2.4 ጊዜ ይዞራል፤ የጎማው ዙሪያ 2.23 ሜትር ስለሆነ ብስክሌቱ 5.35 ሜትር ይሄዳል። በደቂቃ 100 ሜትር ለመጓዝ እግር የሚዞረው 19 ጊዜ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ለሰው እግር የሚስማማው ዙር ግን በደቂቃ ከ50 እስከ 70 ነው። በዝግታ የሚዞር እግር ያንኑ 100 ዋት ለማውጣት እጅግ ጠንክሮ መግፋት አለበት፤ የፔዳሉ ክንድ 17 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከፍተኛው ግፊት 47 ወይም 48 ኪሎ ክብደት ያህል ይደርሳል። ይህ የሰውየው ክብደት ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ከኮርቻው ተነሥቶ በፔዳሉ ላይ ለመቆም ይገደዳል። ፒያሳ ሲደርስ ሸሚዙ ረጥቧል፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ በሚቀጥለው ቀን በታክሲ ይሄዳል። ጥፋቱ ግን የእግሩ አይደለም።

ይኸው ሰው አሮጌ የተራራ ብስክሌት ቢይዝስ? የፊተኛው ትንሹ ጥርሳም ክብ 28፣ የኋለኛው ትልቁ ደግሞ 28 ጥርስ ያላቸው በብዛት ይገኛሉ። ጎማው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ብስክሌቱ 2.03 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ፔዳሉም አንድ ጊዜ ይዞራል። ክብደቱ ያው 90 ኪሎ ነው ተብሎ ቢታሰብ እንኳ፣ በዚያው ፍጥነት እግር በደቂቃ 49 ጊዜ ይዞራል፤ ከፍተኛው ግፊትም ወደ 18 ኪሎ ይወርዳል። ሰውየው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ፣ እየተነጋገረ ሊወጣ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ብዙ ሰው ቀላል ብስክሌት ለማግኘት ገንዘቡን ያፈሳል። ከ20 ኪሎው ላይ 6 ኪሎ ቢቀነስ የዳገቱ ሥራ የሚቀንሰው ከመቶ 7 እጅ በማይሞላ ነው፤ ጥርሱ ሲለወጥ ግን የእግሩ ግፊት ከመቶ ከ60 እጅ በላይ ወረደ።

ከዚህ የሚገኘው ውሳኔ በሁሉም ከተማ አንድ አይሆንም። ባሕር ዳር ከጣና ዳር ተነሥቶ በሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ስለሆነች ብስክሌት ለረጅም ዘመን የተማሪውና የሠራተኛው መመላለሻ ሆኖ ኖሯል። በዚያ የድሮው ከባድ ብስክሌት ባለበት ሆኖ ሊታደስ ይገባዋል፤ የኋለኛውን ጥርስ ከ20 ወደ 22 ማሳደግ ከሐይቁ ለሚነሣው ነፋስ በቂ ማስታገሻ ነው። ሞዞው ውስጥ ሦስት ማርሽ ያለው የስተርሜይ አርቸር ዓይነት ከተገኘ ደግሞ እሰየው፤ ዝቅተኛው ማርሽ ከመካከለኛው በአንድ አራተኛ ያቃልላል። ለአዲስ አበባ ግን ይኸው አንድ አራተኛ አይበቃም፤ በላይኛው ስሌት የሰውየው እግር ከ19 ወደ 25 ዙር ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የድሮውን ከባድ ብስክሌት ለማዳን የሚደረገው ልፋት ከፍቅር የመጣ ካልሆነ በቀር ከስሌት የመጣ አይሆንም።

ሁለተኛው አቤቱታ ከሦስተኛው በኋላ ቢታይ ይሻላል፤ የሦስተኛው ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነውና።

የድሮው ብስክሌት ቸርኬ ክሮም የተነከረ ብረት ነው። በደረቅ ጊዜ ላስቲኩ ደኅና አድርጎ ይይዘዋል። ሲርስ ግን የመያዝ ኃይሉ ከደረቁ ጊዜ እጅግ ወዳነሰ ክፍል እንደሚወርድ በሙከራ የታወቀ ነገር ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌት፣ ፍሬኑ ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ3 ሜትር በሰከንድ የሚቀንስለት ቢሆን፣ በ5 ሜትር ገደማ ይቆማል። ዝናብ መጥቶ ያ ኃይል ወደ አንድ አምስተኛ ቢወርድ፣ በሜዳ ላይ ለመቆም 26 ሜትር ያስፈልገዋል። ይህ በሜዳ ላይ ነው። ቅድም ሽቅብ በተወጣው የ6 በመቶ ዳገት ቁልቁል ሲወረድ ግን የመሬት ስበት ብስክሌቱን በየሰከንዱ በ0.59 ሜትር በሰከንድ ያፈጥነዋል። የረጠበው ፍሬን የሚቀንሰው 0.6 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ ነጂው በሙሉ ጉልበቱ ፍሬን ይዞ ሳለ ብስክሌቱ ፍጥነቱን ሳይለቅ ይወርዳል። «ቁልቁለት ላይ ያስፈራል» የሚለው ሰው ፈሪ አልነበረም፤ ስሌቱን በሆዱ ሠርቶት ነበር።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ፊቱ ቆዳ የተለበጠ የፍሬን ላስቲክ በረጠበ ብረት ላይ ከተራው ላስቲክ የተሻለ ይይዛል፤ ዋጋውም ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ለሜዳ እንጂ ለዳገታማ ከተማ አያስተማምንም። እውነተኛው መፍትሔ የአሉሚኒየም ቸርኬ ነው፤ በዝናብ ጊዜ የሚይዘው ከብረቱ አብልጦ ነውና። እዚህ ላይ አንድ እክል ያጋጥማል። በድሮው ብስክሌት ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ስፋት 635 ሚሊ ሜትር ሲሆን ዛሬ በቀላሉ የሚገኘው 622 ነው። ቸርኬው በዙሪያው 6.5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ በዘንግ የሚሳበው ፍሬን ደግሞ ቸርኬውን የሚይዘው ከውስጥ በኩል እንጂ ከጎን ስላልሆነ ከአዲሱ ቸርኬ ጋር ፈጽሞ አይሠራም። ስለዚህ ዘንጎቹ ተነሥተው፣ ክንዱ ረዘም ያለ፣ ከግራና ከቀኝ የሚጨብጥ፣ በሽቦ የሚሳብ ፍሬን ይተካል። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት በሹካው ላይ ካለው የብሎን ቀዳዳ እስከ አዲሱ ቸርኬ ጎን ያለው ርቀት ይለካል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይህ መለኪያ ስለሚረሳ ነው።

ሌላው መንገድ ፍሬኑ ሞዞው ውስጥ የተደበቀ፣ እንደ መኪና ከበሮ ያለው ሞዞ ነው። ዝናብ አይነካውም። ሞዞው ሲይዝ የሚፈጥረውን ጠምዛዛ ኃይል ለመሸከም ክንዱ ከሹካው ጋር በማያያዣ ይታሰራል፤ ሹካው ቀጭን ከሆነ ይተጣጠፋል፤ ስለዚህ ለጠንካራው የድሮ ሹካ እንጂ ለውድድር ብስክሌት አይመከርም። ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራው የኋላ ፍሬን ግን ለዳገታማ ከተማ ለብቻው የሚታመን አይደለም። ብስክሌት ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊተኛው ጎማ ይዛወራልና የኋለኛው ጎማ ከተወሰነ መጠን በላይ ሊይዝ አይችልም፤ ሰንሰለቱ ከጥርሱ ቢወጣም ፍሬኑ አብሮ ይጠፋል። ገንዘቡ ለአንድ ጎማ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መታደስ ያለበት የፊተኛው ነው።

ስለ አቀማመጥ። ባላገር በቅሎ ሲጭን እርካቡን በእግሩ ልክ ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል፤ ልጁ ሲቀመጥባትም እንደገና ይለካል። የከተማው ሰው ግን ብስክሌቱን በተገዛበት ቁመት ለአሥር ዓመት ይነዳዋል፤ ወንድሙም፣ ጎረቤቱም በዚያው ቁመት። በብዛት የሚታየው ስሕተት ኮርቻው ዝቅ ማለቱ ነው። ጉልበት ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ሲታጠፍ ይውላል፤ ሕመሙም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሃምሊና ቶማስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ጽሑፍ መሠረት፣ ከታችኛው ፔዳል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት የእግሩን የውስጥ ርዝመት 109 በመቶ ሲሆን እግር ከሁሉ የተሻለ ኃይል ያወጣል። የእግሩ ርዝመት 80 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 87 መሆኑ ነው። በከተማ መብራት እየቆመ ለሚሄድ ሰው ጥቂት ዝቅ ቢደረግለት አይከፋም። ሜትር ለሌለው ደግሞ፣ ተረከዙን ከታችኛው ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ ጉልበቱ ቀጥ ካለ ልኩ ደርሷል። ይህ ሥራ አንድ ቁልፍና አምስት ደቂቃ እንጂ ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ ሆኖም ከማናቸውም ውድ ዕቃ የበለጠ ምቾት የሚሰጠው እርሱ ነው።

መሪው ከኮርቻው እኩል ወይም ከፍ ቢል ወገብ ቀና ይላል፤ ክብደቱም ከእጅ ወደ መቀመጫ ይዛወራል። ክብደቱ ከተዛወረ ዘንድ ኮርቻው ሰፋ ያለና ጥቅል ሽቦ ያለው መሆን ይገባዋል። የውድድር ብስክሌት ሲታደስ የሚሠራው ዋና ለውጥ ይኸው ነው፤ የቆለመመው መሪ ወጥቶ ወደ ነጂው የሚመለስ መሪ ይገባለታል። ግን መሪውን የሚሸከመው አንገት ከቱቦው ውስጥ ሊወጣ የሚችልበት ወሰን በላዩ ተሠምሯል፤ ከዚያ በላይ ከተሳበ ይሰበራል። መስመሩ የሌለው ከሆነ ቢያንስ 7 ሴንቲ ሜትር ውስጥ መቅረት አለበት።

ቀሚስ ለምትለብስ ሠራተኛ የላይኛው ዘንግ የሌለው ቴላዮ ይመረጣል። በኋላው ጎማ ግራና ቀኝ መረብ ወይም ቆርቆሮ፣ በሰንሰለቱም ላይ ሙሉ መሸፈኛ ይግባለት፤ የነጠላ ጫፍ በሽቦዎቹ መካከል ሲጠመጠም ጎማውን በአንዴ ያቆመዋልና ይህ ጌጥ አይደለም።

ስለ ጎማ የሚባለው አጭር ነው። የተራራው ብስክሌት ጎማ ጉብታዎች አስፋልት ላይ ኃይል ከመብላትና ከመጮኽ በቀር የሚሰጡት ነገር የለም፤ ለስላሳና ሰፊ ጎማ ይተካቸው። በየሰፈሩ ኮብልስቶን ላይ ለሚሄድ ሰው ሰፊ ጎማ በመጠነኛ ነፋስ ከማናቸውም ሞላ ይበልጣል። በጎማው ጎን የተጻፈው ከፍተኛው የነፋስ ልክ ወሰን እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ሲገዛ ግን «28 ኢንች» ወይም «26 ኢንች» የሚለው ስም አይታመን፤ 26 በሚባለው ስም 559ም፣ 584ም፣ 590ም ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ አንዱ በሌላው ቸርኬ የማይገባ ጎማዎች ይሸጣሉ። የሚታየው በጎኑ የታተመው ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ 47-559።

ኩሽኔታዎቹ ሁሉ ተፈትተው፣ ታጥበው፣ ግሪስ ይቀባሉ። ቴላዮ፣ ቸርኬ፣ ሞዞ፣ ኩሽኔታ የሚሉት የጋራዥ ቃሎች ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ቃሉ ጣልያንኛ ስለሆነ ግን ጥርሱም ጣልያናዊ ነው ማለት አይደለም። በእንግሊዝ ሥርዐት በተሠራ ብስክሌት የፔዳሉን ዘንግ የሚይዘው የቀኙ ጎን ክዳን ጥርሱ ግራ ዘወር ነው፤ በጣልያኑ ሁለቱም ጎን ቀኝ ዘወር ናቸው። ይህን ያላወቀ ልጅ በረጅም ቁልፍ እየታገለ ደኅናውን ቴላዮ ያበላሻል። ቀለም፣ ፓራፋንጎ፣ ፖርቶመጋላና መብራት በመጨረሻ ይመጣሉ፤ ከእነርሱም መብራቱ ይቀድማል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ብስክሌቱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሜዳ ይነዳል። ያን ጊዜ አዲሶቹ የጎማ ሽቦዎች ይላላሉ፤ በድሮው ብስክሌት ደግሞ የፔዳሉን ክንድ ከዘንጉ ጋር የምታጣብቀው ሽብልቅ ቦታዋን ትይዛለች፤ ሁሉም እንደገና ይጠብቃል። ቀጥሎ ሰው በማይበዛበት ደልዳላ መንገድ ላይ በጠመኔ መስመር ይሠመራል፤ በሁለቱ ቸርኬዎች ላይ ውኃ ይፈስባቸዋል፤ ነጂው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ መጥቶ ከመስመሩ ላይ ፍሬን ይይዛል፤ የቆመበትም ቦታ በሜትር ይለካል። ርቀቱ ከ10 ሜትር ካለፈ ብስክሌቱ ወደ መጠገኛው ይመለሳል እንጂ በክረምት ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል አይወርድም።